ከአልጋዬ እስከ በሩ አራት እርምጃ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አምባቸው፣
ፖሎክዋኔ፣ ደቡብ አፍሪካ

ከሁሉ አስቀድሞ የጣና ዳሯ እመቤቴ ጤናዎን ትጠብቅልኝ። እኛ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና እንዳለን አለን። ኪዲ አራተኛ ክፍል ገባች፤ ቁመቷ ትከሻዬ ሊደርስ ነው። ገድሉም በሥራው ላይ ነው፤ ሰላም በይልኝ ብሏል። የእናትዎና የእናቴ አያት አንድ ሆነው ሳለ ደብዳቤ ከጻፍሁልዎ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ዛሬ የምጽፍልዎ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ስለ ሽጉጥ ልጠይቅዎ ነው። አይሳቁብኝ።

ጊዜው እንደሚሰሙት ነው። በሰፈራችን ሌባ በዝቷል። ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ያሉት ጎረቤቶቻችን ቴሌቪዥናቸውን ሳይቀር ተዘርፈዋል። ስለዚህ ለቤት መጠበቂያ የሚሆን ባለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ፈለግሁ፤ ትልቅ ጥይት የሚጎርሰውን ዓይነት። መራዊ ላይ አንድ ደላላ ሁለት እንዳለው ነግሮኛል። አንዱ ትንሽ ነው፣ የሴት ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ሌላው አሮጌና ትልቅ ነው፤ እሱን ያየ ሰው ሳይተኮስበት ይሸሻል ብሎኛል። ልቤ ወደ ትልቁ አደላ። የምተኩሰው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን፣ ሁለተኛ እንዳያስፈልገኝ እፈልጋለሁ። እርስዎ መሪጌታዎች ዳዊትን እንደሚያውቁት ይህን ነገር ያውቁታልና ይምረጡልኝ።

በስልክ አይደውሉልኝ። ኔትወርኩ አያስተማምንም፤ ስልኬም እጄ ላይ የማይቆይበት ጊዜ አለ። መልስዎን ወደዚህ ለሚመጣ ሰው ይስጡልኝ፤ የምሠራበት ፋብሪካ ጽሕፈት ቤት ያገኘኛል።

አክባሪዎ ሸዋዬ


ፖሎክዋኔ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለሸዋዬ፣

የአባቶቻችን አምላክ አንቺንም፣ ኪዲንም፣ ገድሉንም በጥላው ይከልላችሁ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ብቻ ጉልበቴ ዕድሜዬን ታስታውሰኛለች።

አልሳቅሁም ብዬ አልዋሽሽም፤ ሳቅሁ። ድሮ ቤቴ ስትመጪ ጠረጴዛዬ ላይ የተፈታ ሽጉጥ ካየሽ ሻይሽን ትተሽ ወደ በረንዳ ትወጪ ነበር። ዛሬ አንቺው ስለ ጥይት መጠን ትጠይቂኛለሽ። ባሕር ዳር አሥራ ዘጠኝ ዓመት መሣሪያ ስጠግን ከዘመድ ወገን ስለ ሙያዬ የጠየቀኝ አልነበረምና ደስም አለኝ።

የምሠራበት ሱቅ ባለቤት ሽማግሌ ነጭ ነው። ሰው ይገባና «ትልቁን አውጣልኝ» ይለዋል፤ እሱ አስቀድሞ የሰውየውን እጅ ያያል። ይህን ልማድ ከእሱ ወሰድሁ። ባለ ስድስት ጎራሽ ለቤት ጥሩ ነው የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ ጥይት ነክሶ አይቆምብሽም፤ ባዶ ይሁን ሙሉ ከጎኑ ይታያል። ነገር ግን ምላጩ ከባድ ነው፤ ከጣት አልፎ የእጅ አንጓ ይጠይቃል። ትልቁ፣ ባለ አርባ አራቱ፣ ደግሞ ይራገጣል። ያልለመደ ሰው ሲተኩሰው አፈሙዙ ወደ ጣሪያ ይሄዳል፣ ጆሮ ይደነቁራል፣ ሁለተኛውን ለመተኮስ ዓይኑን እስኪገልጥ ጊዜው አልፏል። ለአብዛኛው ሰው አነስ ያለው ሠላሳ ስምንቱ ይበቃል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ይህ አይደለም። ትልቁ አረር ያገኘው ሰው ላይ አይቆምም፤ የጭቃ ግድግዳ ቢያገኝ አልፎ ይሄዳል።

ስለዚህ ከመምረጤ በፊት ንገሪኝ። ግድግዳሽ ከምን የተሠራ ነው፣ ከጀርባውስ ማን ይተኛል? በሩ ወዴት ይከፈታል፣ አንቺ ካለሽበት ስንት እርምጃ ነው? መሣሪያውን የሚይዘውስ የማን እጅ ነው?

ደግሞ ገድሉ ምን ይላል? አባወራው እሱ ሆኖ ጥያቄው ካንቺ መምጣቱ ገረመኝ። ከመራዊው ደላላ እንዳትገዢ፤ ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ሌባው ሳይመጣ አንቺን ያሳስርሻል። ገድሉ የተከበረ ሰው ነውና ፈቃዱን እሱ ይጠይቅ። በሰማንያ ወረቀታችሁ ላይ ዋሱ ሆኜ የፈረምሁት እኔ አይደለሁም እንዴ? ሰላም በይልኝ።

ወንድምሽ አምባቸው


ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አምባቸው፣

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልዎት። እኔና ኪዲ አለን። ኪዲ ሰላም ትልዎታለች፤ መሪጌታ ጥዑመ ልሳንም እንዲሁ።

ደብዳቤዎን ያመጣው ሰው ፋብሪካው በር ላይ ሲሰጠኝ ገድሉ አጠገቤ ነበር። አሁን ከሥራ ስወጣ ሁልጊዜ እሱ ነው መጥቶ የሚወስደኝ። የእናቴን ተዝካር የሚመለከት ነው ብዬ አለፍሁት። እንግዲህ ወደ ፋብሪካው አይላኩ። ለመሪጌታ ጥዑመ ልሳን ብለው በቤተ ክርስቲያናቸው ይላኩልኝ። ኪዲን ዳዊት የሚያስተምሯት እሳቸው ናቸው፤ እሑድ ስንሄድ ይሰጡኛል።

ጥያቄዎን ልመልስ። የውጪው ግድግዳ ብሎኬት ነው። የእኛን መኝታ ከኪዲ ክፍል የሚለየው ግን አሮጌው የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ቤቱን ስናሰፋ እንዳለ ተውነው። የኪዲ አልጋ ራስጌው እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። በሩ የእንጨት ነው፣ ወደ ውስጥ ይከፈታል። ከአልጋዬ እስከ በሩ አራት እርምጃ ነው፤ ሁለት ጊዜ ለካሁት። መቀርቀሪያ ነበረው፤ ነሐሴ ላይ ተነቀለ። አሁን የምስማሮቹ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው።

የሚይዘው እጅ የእኔ ነው። ቀኝ እጄ ግን ጳጉሜ ላይ ተሰብሮ ወጌሻ ሲጠግነው ጎበጥ ብሎ ገጠመ። ባልዲ ውኃ ሳነሣ ይከዳኛል። በዚህ እጅ ትልቁ ይያዛል ወይስ ሠላሳ ስምንቱ ይሻላል?

ሌላም የምጠይቅዎ አለኝ። ቤቱን ጠንቅቆ ከሚያውቅ ሰው መሣሪያ የት ይደበቃል? ዱቄት ዕቃ ውስጥ ቢቀመጥ ይበላሻል?

ገድሉ ምን ይላል ላሉኝ፣ ሥራ ይበዛበታል። ይህን አላነሣሁበትም። እባክዎ አይዘግዩብኝ።

ሸዋዬ


ፖሎክዋኔ፣ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለሸዋዬ፣

እንደ ወትሮው በምርቃት ልጀምር አልሁና አፈርሁ። ሁላችንንም እግዚአብሔር ይየን።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ወር አልፏል። አልታመምሁም፣ ሥራም አልበዛብኝም። የዘገየሁት ፈርቼ ነው።

መጀመሪያ እንደ ባለሙያ መልስ ጀመርሁልሽ። ሠላሳ ስምንት፣ አፈሙዙ መካከለኛ፣ ለአንጓሽ የሚመች የጎማ እጀታ ያለው ብዬ ግማሽ ገጽ ጻፍሁ። ከዚያ ደብዳቤሽን ለማመሳከር ደግሜ ሳነብ የምስማሮቹ ቀዳዳ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

ሌባ የመኝታ ቤት መቀርቀሪያ ከውስጥ ነቅሎ አይሄድም። ሌባ የሚፈራ ሰው እርምጃውን ከአጥሩ በር ይለካል፤ አንቺ ከአልጋሽ ለካሽ። ሌባ ዱቄት ዕቃሽ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም። በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ገድሉ ሰላም ብሎኝ ነበር፤ በሁለተኛው መሪጌታ ሳይቀሩ ሰላም ሲሉኝ እሱ የለም። እጅሽን ምን እንደ ሰበረውም አልጻፍሽም። ሸዋዬ፣ የምትፈሪው ሰው የቤቱ ቁልፍ በኪሱ ያለው ነው።

ይህን ማወቅ የነበረብኝ ዛሬ አልነበረም። በ2009 ዓ.ም. ጥር ላይ ኪዲን አዝለሽ ቤቴ መጣሽ። ከንፈርሽ አብጦ ነበር። ውኃ ጠጣሽና «አልመለስም» አልሽኝ። እኔ ሁለት ሽማግሌ ጠራሁ። ገድሉ ጉልበታችን ላይ ወደቀ፣ ማለ፣ የጥበብ ቀሚስ ገዛልሽ፣ በግ ታረደ። አንቺ ቀሚሱን ጭንሽ ላይ አስቀምጠሽ እጥፉን እንኳ አልፈታሽውም። እኔ ከበጉ ደግሜ በላሁ። ዋስ የሆንሁለት ሰው ከወደቀ ስሜ አብሮት ይወድቃል ብዬ ነበር። ይፋግ ያሉ ዘመዶቹ «አምባቸው ሰው ያስማማል» እንዲሉልኝ ነበር። ሳስታርቅሽ አልነበረም፤ ስመልስሽ ነበር። በዓመቱ እኔ አገር ለቅቄ ወጣሁ፤ አንቺ እዚያው ቀረሽ።

እንግዲህ ሽጉጥ አልመርጥልሽም። በዚህ ሥራ ያየሁትን ልንገርሽ። በባልና ሚስት መካከል የገባ መሣሪያ መጨረሻው ጉልበት ካለው እጅ ላይ ነው፤ ያንቺን እጅ ደግሞ ባልዲ ይከዳዋል። ቀድመሽ ብትተኩሺ እንኳ ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ የኪዲ ራስ አለ። ለዚያ ቤት የሚሆን ትልቅም ትንሽም የለም።

ለይፋግ ሰዎች ገና አልጻፍሁም። አንቺ ሳትወጪ ገድሉ ከሰማ የሚከፋው ባንቺ ነው። መሸንቲ አክስትሽ ወለተ ኪዳን አሉ። ኪዲን ይዘሽ ወደሳቸው ውጪ፤ የቀረውን ለእኔ ተይው።

አምባቸው


ባሕር ዳር፣ መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ አምባቸው፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ።

ሦስት ወር ሙሉ ጠበቅሁ። እሑድ እሑድ መሪጌታ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ አልመጣም ማለታቸው ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ መሣሪያ ብጠይቅዎ ኑዛዜ ላኩልኝ። ኑዛዜ የሚሰማ ካህን ነው፤ እኔ አይደለሁም።

ለምን እርስዎን እንደ ጠየቅሁ ያውቃሉ? መሣሪያ ስለሚያውቁ ብቻ አይደለም። ዳግመኛ ሽምግልና ላልለምንዎ ስለ ወሰንሁ ነው። ከእርስዎ እጅ ከሚመጣ ነገር ሁሉ ወደዚያ ቤት የማይመልሰኝ ብረት ብቻ መስሎ ታየኝ።

እርስዎ ዝም ሲሉ ጤፍ ልገዛ ነው ብዬ መራዊ ሄድሁ። ደላላው ትልቁን በፎጣ ጠቅልሎ ከአንድ ሱቅ ጓዳ አወጣልኝና «ያዢው» አለኝ። ያዝሁት። እውነቱን ልንገርዎ፣ ክብደቱን አልጠላሁትም። በዚያ ቤት ውስጥ የሚፈራው አንድ ቀን እንኳ ሌላ ሰው ሊሆን ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ቀና አድርጌ ልይዘው ስል አንጓዬ ከዳኝና አፈሙዙ ወረደ። ደላላው ሳቀ። እኔ ግን የማስበው ግድግዳውን ነበር። ከጀርባው ማን ይተኛል ብለው ባይጠይቁኝ ኖሮ ገዝቼው ነበር። ትቼው ወጣሁ። ጤፉንም ረሳሁት፤ ማታ ስለ ጤፉ መልስ መስጠት ነበረብኝ።

ውጪ ይሉኛል። ወጥቼ አልነበረም? መሸንቲ ብሄድ በሳምንቱ ሽማግሌ ይመጣል፣ በግ ይታረዳል፣ አክስቴም ልጅሽን ያለ አባት አታሳድጊ ይሉኛል። እርስዎ ሲፈርሙ በአካል ቆመው ነው፤ ዋስትናዎን ሲያወርዱም መጥተው በአካል ይቁሙ። በዘመዶቹ ፊት የሚቆሙበትን ቀን ይጻፉልኝ፤ በዚያ ቀን ጧት እወጣለሁ።

እኔን ለማየት ግን አይምጡ። ፊትዎን ሳስብ ያን ቀሚስ ነው የማየው።

ሸዋዬ


ፖሎክዋኔ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለሸዋዬ፣

ከትንሣኤው ደስታ ላንቺም ይድረስሽ።

ቀኑ ግንቦት 10 ነው፤ እሑድ። ለገድሉ አባት ለአቶ አስናቀ ደውዬ ልጃቸውን ከዋዜማው ይፋግ እንዲጠሩልኝ ለምኛቸዋለሁ። ጉዳዩ ምን እንደሆነ አልነገርኋቸውም። ስለዚህ ጧት ስትወጪ እሱ ቤት አይኖርም። መሪጌታ መሸንቲ ድረስ አብረዋችሁ ይሄዳሉ፤ አክስትሽንም እሳቸው ቀድመው አነጋግረዋቸዋል፤ ይጠብቁሻል። የሰማንያውን ወረቀት ከዚያ በፊት ባለው እሑድ ለመሪጌታ ስጪልኝ። ሌላ ዕቃ አትሸክሚ፤ የኪዲን ደብተሮች ብቻ ያዢ።

የሱቁ ባለቤት ሥራህን እጠብቅልሃለሁ ብሎኛል። ባይጠብቅልኝም እመጣለሁ።

አምባቸው


ባሕር ዳር፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለሸዋዬ፣
መሸንቲ፣ በመሪጌታ ጥዑመ ልሳን እጅ

በሰላም መግባታችሁን መሪጌታ ነገሩኝ፤ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን። ከዚህ እስከ መሸንቲ ያለው መንገድ አጭር መሆኑን አውቃለሁ። አትምጣ ብለሽኛልና እጽፍልሻለሁ።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ አቶ አስናቀ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሰባት ሰው ነበርን። ገድሉ ነጭ ጋቢ ለብሶ ከአባቱ ቀጥሎ ተቀምጦ ነበር፤ ሲያየኝ ተነሥቶ ሳመኝ። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ መሬት ላይ ዘረጋሁትና ፊርማዬን በጣቴ አሳየኋቸው። ከዚያ ተነሥቼ ቆምሁ። «ለዚህ ሰው ዋስ የሆንሁት እኔ ነኝ። እሱ ቃሉን አፍርሷል፤ ከስምንት ዓመት በፊትም አፍርሶ ነበር፣ እኔ ሸፍኜለታለሁ። የእኔን ጥፋት እኔ እመልስበታለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ግን ለእሱ አልቆምም» አልሁ።

አንዱ ሽማግሌ ነገሩ በእርቅ ያልቃል አሉ። ሌላው ካሣ አነሡ። ገድሉ እስከዚያ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ዋስትናውን እንደማልመልስለት ሲያውቅ ግን ቀና ብሎ፣ መራዊ ሄደሽ ሽጉጥ ስትይዢ ደላላው ራሱ እንደ ነገረው ተናገረ። ልትገድለኝ ነበር፣ የበደለች እሷ ናት አለ። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። አቶ አስናቀ ግን ልጃቸውን አዩት።

«ቤትህ ሌባ ገብቶ ያውቃል?» አሉት።

«አይ፣ አልገባም» አለ።

«ታዲያ ማንን ፈርታ ነው ያንን ስትፈልግ የነበረችው?»

አቶ አስናቀ ወረቀቱን ከመሬት አንሥተው አጥፈው ለእኔ ሰጡኝ።

ምሳ ተሰናድቶ ነበር፤ የጥብሱ ሽታ ከጓዳ ይመጣል። እጅ መታጠቢያው ሲቀርብልኝ አልታጠብሁም። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። አንድ ጊዜ በልቼ ነበርና ሁለተኛ አልበላም ብያቸው ወጣሁ። አቶ አስናቀ ብቻቸውን እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። «ያን ጊዜ ለምን ለእኔ አልነገርኸኝም?» አሉኝ።

ዛሬ ጧት ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ምስክርነቴን ሰጠሁ። የ2009ኙንም፣ ቀሚሱንና በጉን ጭምር፣ እኔ እንደ መለስሁሽ አስመዘገብሁ። ጸሓፊው የመጨረሻውን መጻፍ አያስፈልግም ብሎኝ ነበር፤ ይጻፍልኝ አልሁት።

ሐሙስ እመለሳለሁ። ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ ያለብኝ ከዚያ በላይ ነው። ፍርድ ቤቱ በጠራኝ ጊዜ ሁሉ ግን እመጣለሁ።

አምባቸው


መሸንቲ፣ ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ አምባቸው፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ? እኔና ኪዲ ደኅና ነን፤ ይህን ስጽፍ ለደንቡ ያህል አይደለም። አክስቴ ወለተ ኪዳንም ሰላም ይሉዎታል። ሽማግሌ ሲመጣባቸው ከደጅ የመለሱት እሳቸው ናቸው፤ ዋሱ ራሱ ለወረደበት ሰው ልጄን መልሱ ብላችሁ አትምጡብኝ ብለው። የፍቺው ጉዳይ ቀጠሮ ተይዞለታል። ገድሉ ወደዚህ እንዳይደርስ ታግዷል፤ እስካሁን አልመጣም። ለሥራ በጧት አውቶቡስ እመላለሳለሁ። እጄን ሐኪም አየልኝ፤ ተመልሶ አይቃናም፣ ግን ይጠነክራል ብሎኛል።

ያን ቀን የመለሱኝን ገና አልተውሁልዎትም። የምተውልዎት ቀን እንደሚመጣም አላውቅም። ይፋግ ቆመው የተናገሩትን በደብዳቤዎ ሳነብ ግን አለቀስሁ፤ ኪዲም አየችኝ። እውነት ስለሆነ እነግርዎታለሁ።

አንድ ጊዜ ስለ በር ጠይቀውኝ ነበርና የዚህኛውንም ልንገርዎ። የአክስቴ ቤት በር መቀርቀሪያ የለውም። ሲመሽ ከውስጥ ዱላ ያስደግፉበታል፤ ይኸው ነው። መጀመሪያ ሰሞን እየተነሣሁ ዱላውን እነካው ነበር። ከመደቡ እስከ በሩ ሰባት እርምጃ ነው፤ ሳላስበው ለክቼዋለሁ።

ትናንት ዱላውን የማስደግፈው እኔ ነበርሁ፤ አክስቴ ለቅሶ ቤት አድረዋል። ዛሬ ጧት ኪዲ እየሳቀች ቀሰቀሰችኝ። ፀሐይ ወጥቷል፣ በሩ ገርበብ ብሎ አድሯል፣ ዱላው ጥግ እንደ ቆመ ነው፤ የአክስቴ ዶሮ እግሬ ሥር ተኝታለች። ማስደገፉን ረስቼው ተኝቼ ነበር።

እኅትዎ ሸዋዬ